ቅርንጫፍ ፊልም እንግዳ ተመልካች አያጣም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። በኪነ ጥበብ ገጻችሁ ስለ «ስታር ዋርስ» የጠፈር ጦርነት ፊልሞች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ ደጋግሜ አነበብኩት። ጸሐፊው ሜይ 22 ቀን 2026፣ በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ለእይታ እንዲበቃ ቀን የተቆረጠለትን «ዘ ማንዳሎሪያን ኤንድ ግሮጉ» የተባለ ፊልም ለማየት ሲኒማ ቤት የሚሄደው የቆየው ወዳጁ ብቻ እንደሚሆን ጽፈዋል። በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ቤተሰቡን ይዞ ሲኒማ የሚገባው ሰው ከዋናው ታሪክ ለተገነጠለ ፊልም ገንዘቡንም ጊዜውንም አያወጣም የሚል ጠንካራ ድምዳሜ ላይም ደርሰዋል። እኔ በዚህ ድምዳሜ አልስማማም፤ የማልስማማበትንም ምክንያት አንባቢዎቻችሁ እንዲመለከቱልኝ ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

በመጀመሪያ ስለምን እንደምንነጋገር ግልጽ ላድርግ። በእንግሊዝኛ «ስፒን ኦፍ» የሚባለውን እኔ ቅርንጫፍ ፊልም እለዋለሁ፤ ግንዱ ሌላ ሆኖ፣ በዚያው ዓለም ውስጥ ሌላ ሰው፣ ሌላ ዘመን ወይም ሌላ ጉዳይ ይዞ የሚወጣ ፊልም ማለት ነው። ጥያቄው እንግዲህ ግንዱን አይቶ የማያውቅ ሰው በቅርንጫፉ ጥላ ሥር ሊቀመጥ ይችላል ወይ የሚል ነው። የእኔ መልስ ይችላል የሚል ነው፤ ነገር ግን ፊልሙ የሚያነሳውን ጥያቄ ራሱ አንስቶ ራሱ ሲመልስ ብቻ ነው። ተመልካቹ ሌላ ፊልም ሲያይ ያነሳውን ጥያቄ ለመመለስ ብቻ የተሠራ ፊልም ከሆነ፣ ያንን ጥያቄ ጠይቆ የማያውቀው ሰው በአዳራሹ ውስጥ ቦታ አይኖረውም።

የዋናው ታሪክ አቀማመጥ ራሱ ለእንግዳ ሰው አስቸጋሪ መሆኑን አልክድም። የጆርጅ ሉካስ የመጀመሪያው ፊልም በ1977 ወጣ፤ በ1980 እና በ1983 ሁለት ተከተሉት። ከዚያ በ1999፣ በ2002 እና በ2005 የወጡት ሦስት ፊልሞች ወደ ኋላ ተመልሰው የመጀመሪያው፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ክፍል ተባሉ፤ ቀድመው የወጡትም አራተኛ፣ አምስተኛና ስድስተኛ ሆኑ። ዲዝኒ የሉካስን ኩባንያ በ2012 ከአራት ቢሊዮን ዶላር በላይ ከፍሎ ከገዛው በኋላ ደግሞ ከ2015 እስከ 2019 ባለው ጊዜ ሰባተኛው፣ ስምንተኛውና ዘጠነኛው ወጡ። «ከየትኛው ልጀምር?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው አጭር መልስ የለም። ጸሐፊው ይህን ያህል ሻንጣ የተሸከመ ታሪክ እንግዳን ያሸሻል ማለታቸው ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ይሁን እንጂ ቅርንጫፍ ፊልም የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ ቁጥር የለውም፣ ወረፋም የለውም፣ ከመካከል ተነስቶ ሊጀምር ይችላል።

ይህን ያየሁት በዲሴምበር 2016 ነው። እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አብራኝ የምትኖረው ታላቅ እህቴ በአዛውንቶች መንከባከቢያ ቤት የሌሊት ፈረቃ ትሠራለች፤ ሲኒማ የምትገባው በአብዛኛው በፈረንጆቹ የገና ሰሞን ፈቃድ ስታገኝ ነው። ከስታር ዋርስ ፊልሞች አንዱንም አላየችም ነበር። «ሮግ ዋን» የተባለውን፣ ጋሬዝ ኤድዋርድስ ያዘጋጀውን ቅርንጫፍ ፊልም አብረን ገባን። ዋናዎቹ ፊልሞች ሲጀምሩ ከታች ወደ ላይ የሚወጣ ረጅም ቢጫ ጽሑፍ አለ፤ በዚህ ፊልም ላይ ያ ጽሑፍ ቀርቷል። ፊልሙ የሚጀምረው ከሰው ርቆ የሚኖር አንድ ገበሬ ቤት ነጭ ካባ የለበሰ ሹም ወታደሮች አስከትሎ ሲመጣ ነው። አባትየው መሐንዲስ ነበር፤ ሊወስዱት መጥተዋል። እናትየው መሣሪያ ስታነሳ ትገደላለች፤ ትንሿ ልጅ ሮጣ ከድንጋይ ሥር ወዳለ ጉድጓድ ገብታ መክደኛውን በራሷ ላይ ትዘጋለች። እህቴ እጄን የያዘችው ያኔ ነው። ስለ ጨካኙ መንግሥት ስለ ኢምፓየሩ፣ ስለ ባለ ሰይፎቹ ተዋጊዎች ስለ ጄዳዮቹ፣ ስለ ኢምፓየሩ ክፉ ሹም ስለ ዳርዝ ቬደር አንዲት ነገር አልነገርኳትም፤ እሷም አልጠየቀችኝም። አባቱን ወታደር የወሰደበት ልጅ ምን እንደሚሰማው ለማወቅ የአገራችን ሰው መዝገበ ቃላት አያስፈልገውም።

ከዚያ በኋላ ታሪኩ አንድ መስመር ይዞ ይሄዳል። ጌለን ኧርሶ የተባለው መሐንዲስ ፕላኔት የሚያጠፋውን ግዙፍ መሣሪያ ተገድዶ ይሠራል፤ በውስጡ ግን ማንም የማያውቀው አንድ ድክመት ደብቆ ያስቀምጣል፤ ይህንንም በመልእክት ለልጁ ለጂን ይልክላታል። ጂንና ጓደኞቿ የመሣሪያውን ንድፍ ለመስረቅ ይሄዳሉ፤ ይሳካላቸዋል፤ አንዳቸውም ግን በሕይወት አይመለሱም። በመጨረሻ ጂን ከባልደረባዋ ጋር በባሕር ዳርቻ ተቃቅፈው የፍንዳታውን ብርሃን ሲጠብቁ እህቴ ታለቅስ ነበር። ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ «አባትየው አደራ ሰጣት፤ እሷም አደራዋን አደረሰች» አለችኝ። ስለዚህ ፊልም ብዙ ትንታኔ አንብቤአለሁ፤ ከዚህ አባባል የበለጠ ልኩን የሚናገር ግን አላገኘሁም። እንግዳዋ ተመልካች የፊልሙን ልብ ያገኘችው እንግዳ ሆና ሳለ ነው።

የቆየው ወዳጅም በዚያው ፊልም የራሱን ድርሻ አግኝቷል። በ1977ቱ ፊልም መክፈቻ ጽሑፍ ላይ ሰላዮች የመሣሪያውን ንድፍ እንደሰረቁ የሚናገር ዓረፍተ ነገር አለ፤ «ሮግ ዋን» በሙሉ ከዚያች ዓረፍተ ነገር የተፈለቀቀ ነው፤ ሐሳቡን ያመጣውም የምስል ቅንብር ባለሙያው ጆን ኖል ነው። በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ዳርዝ ቬደር በጨለማ መተላለፊያ ውስጥ ቀይ ሰይፉን ሲያበራ አዳራሹ በጩኸት ተሞላ። እህቴ ጩኸቱ ከየት እንደመጣ አላወቀችም፤ ነገር ግን ያ ሰው አስፈሪ መሆኑንና ንድፉ ከእጁ ማምለጥ እንዳለበት ታውቅ ነበር፤ ለዚያች ሰዓት ያ በቂ ነው። ለሚያውቅ ሰው ተጨማሪ ስጦታ ማስቀመጥና ለማያውቅ ሰው በሩን መዝጋት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ጸሐፊው ሁለቱን አንድ አድርገዋቸዋል።

የአንዲት ሴት እንባ ማስረጃ አይሆንም የሚል ካለ፣ የቲኬቱን ገቢ እንመልከት። «ሮግ ዋን» በመላው ዓለም ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። ከጠቅላላው ድምር ይልቅ እኔን የሚስበኝ ግን ገንዘቡ የገባበት መንገድ ነው። ቀንደኛው ወዳጅ ወረፋ ይዞ በመጀመሪያው ቅዳሜና እሑድ ይገባል፤ አልፎ አልፎ የሚገባው ሰው ግን ከሥራ ባልደረባው ወይም ከጎረቤቱ «ጥሩ ነው፣ እየው» ሲባል በሁለተኛው፣ በሦስተኛው ሳምንት ይመጣል። «ሮግ ዋን» በአሜሪካና በካናዳ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት 155 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አስገብቶ፣ ከሲኒማ ሲወርድ 532 ሚሊዮን ደርሶ ነበር፤ ከመነሻው ሦስት እጥፍ ተኩል ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ማለት ነው። የገና በዓል ረድቶት ነው የሚል ካለ፣ በቀጣዩ ዓመት በዚያው ሰሞን የወጣው «ዘ ላስት ጄዳይ» የተባለው ዋና ክፍል 220 ሚሊዮን አካባቢ ጀምሮ 620 ሚሊዮን ላይ ሲቆም ሦስት እጥፍ እንኳ አልሞላም። በ2015 የወጣው «ዘ ፎርስ አዌክንስ» ከሁለቱም በልጧል፤ እሱ ግን ከአሥር ዓመት ቆይታ በኋላ የመጣ የመጀመሪያ ፊልም ስለነበር ከማንም ጋር ባይወዳደር ይሻላል። ከገቢው እንደምንረዳው ግን ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ ለቅርንጫፉ ፊልም የመጡት ብዙ ሰዎች ፖስተሩን ግድግዳቸው ላይ የለጠፉት አይደሉም።

አሁን ወደ ሌላኛው ቅርንጫፍ ልለፍ፤ የጸሐፊው ክርክር ጠንካራ የሆነው በእሱ ላይ ነውና። ከዋናዎቹ ፊልሞች ጀግኖች አንዱ የሆነውን የሃን ሶሎን ወጣትነት የሚተርከው «ሶሎ» በሜይ 2018 ወጣ፤ በዓለም ዙሪያ የሰበሰበው 400 ሚሊዮን ዶላር አልሞላም፤ ለሠሪዎቹም ትልቅ ኪሳራ ሆነ። እህቴን ይዤ የገባሁት እኔው ነኝ፤ በ«ሮግ ዋን» ስለተደሰተች ይህንንም ትወደዋለች ብዬ በሙሉ ልብ ነበር። ተዋናዮቹ መጥፎ አልነበሩም፤ የባቡር ዘረፋው ትዕይንትም በሚገባ የተሠራ ነው። ነገር ግን በየአሥር ደቂቃው አዳራሹ ያጨበጭባል፤ እህቴም ወደ እኔ ዘንበል ብላ «ምን ተፈጠረ?» ትላለች። ምልመላ ላይ የነበረው መኮንን ወጣቱን ብቻውን ስለሆነ «ሶሎ» ብሎ ሲሰይመው፣ ጸጉራሙ ጓደኛው ቹባካ ከጭቃ ውስጥ ሲወጣ፣ ሚሌኒየም ፋልከን የምትባለው የጠፈር መርከቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትታይ፣ ሁሉም ጊዜ እየጠየቀችኝ ነበር። ሃን ሶሎ ስሙን ከየት አመጣው የሚለው ሃን ሶሎን ለማያውቅ ሰው ጥያቄ አይደለም። ፊልሙ ሁለት ሰዓት ከሩብ ሙሉ እህቴ ያልጠየቀችውን ሲመልስ ቆየ።

መጨረሻ ላይ አንድ ቀንዳም፣ ፊቱ ቀይና ጥቁር የሆነ ሰው በምስል ብቅ ሲል አዳራሹ በድንጋጤ ትንፋሹን ዋጠ። ዳርዝ ሞል ነው። በ1999ኙ ፊልም ሁለት ቦታ ተቆርጦ ሲወድቅ ያየነው ሰው ነው፤ እንዴት በሕይወት እንዳለ የሚያውቀው በቴሌቪዥን የቀረበውን የካርቱን ተከታታይ የተመለከተ ብቻ ነው። እንግዲህ እንግዳዋን ተመልካች ተዋት፤ ፊልሞቹን ሁሉ ያየ ሰው እንኳ ግራ ይጋባል። ከአዳራሹ እስከ መኪና ማቆሚያው ድረስ ሳስረዳት እህቴ በትዕግስት ሰማችኝና «የማላውቀውን ሰው የሰርግ ቪዲዮ ያየሁ መሰለኝ» አለች። የሰርግ ቪዲዮ ባለቤቶቹን በደስታ ያስለቅሳል፤ «ያውና አጎቴ! ያቺውና እትዬ!» ይላሉ። እንግዳ ሆኖ ሶፋው ላይ የተቀመጠው ሰው ግን ቪዲዮው በደንብ ቢቀረጽም ባይቀረጽም ለእሱ ለውጥ የለውም።

ስለዚህ «ሶሎ» የወደቀው ቅርንጫፍ ስለነበረ ነው የሚለውን አልቀበልም። ሌሎች ምክንያቶችም እንደነበሩ አውቃለሁ። «ዘ ላስት ጄዳይ» ከወጣ አምስት ወር ብቻ ሆኖት ነበር፤ ቀረጻው ከተጋመሰ በኋላ ሁለቱ ዳይሬክተሮች ፊል ሎርድና ክሪስ ሚለር ተነስተው ሮን ሃዋርድ ተተክቷል፤ ብዙው ክፍልም እንደገና ተቀርጿል፤ በዚያው ሰሞን «አቬንጀርስ፦ ኢንፊኒቲ ዋር» እና «ዴድፑል 2» በሲኒማ ላይ ነበሩ። በወቅቱ የዲዝኒ ሥራ አስፈጻሚ የነበረው ቦብ አይገርም ፊልሞቹን እርስ በርስ አቀራርቦ ማውጣቱ ስሕተት እንደነበረ በዚያው ዓመት በይፋ አምኗል። ሰው ከስድስት ወር በፊት የቀመሰውን ደግሞ ለመብላት አይቸኩልም፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን የቀን መቁጠሪያው ብቻ ጥፋተኛ ቢሆን ኖሮ ፊልሙ በጭምጭምታ ቀስ በቀስ ያገግም ነበር። አላገገመም፤ በሦስት ቀን 84 ሚሊዮን ይዞ ጀምሮ 214 ሚሊዮን አካባቢ ላይ ቆመ፤ ሁለት እጥፍ ተኩል ብቻ ማለት ነው። ወዳጆቹ ገብተው ወጡ፤ ለጎረቤታቸውም «ሂድ» አላሉም።

ነገሩ የስታር ዋርስ ብቻ እንዳልሆነ በአጭሩ ላሳይ። በ2024 የወጣው «ኤሊየን፦ ሮሙለስ» ከ1979 ጀምሮ ለመጣ ታሪክ ቅርንጫፍ ነው፤ ፌዴ አልቫሬዝ ያዘጋጀው ይህ ፊልም መጀመሪያ የታሰበው ቤት ውስጥ በኢንተርኔት እንዲታይ ነበር። ከማዕድን ቅኝ ግዛት ለማምለጥ የሚሹ ወጣቶች ወና ወደ ሆነ የጠፈር ጣቢያ ይገባሉ፤ ከዚያ በላይ ቀድሞ ማወቅ የሚያስፈልግ ነገር የለም። 80 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት 350 ሚሊዮን አካባቢ አስገባ። በ2022 የወጣው «ላይትይር» ደግሞ ዓለም ሁሉ በሚያውቀው የ«ቶይ ስቶሪ» አሻንጉሊት ስም የተሠራ ቢሆንም፣ አሻንጉሊቱ የተሠራለት ፊልም ነው የሚለው ማብራሪያ ራሱ ሌላ ማብራሪያ ይፈልግ ስለነበር ወላጆች ግራ ተጋቡ፤ ገቢውም ከተጠበቀው በታች ሆነ። ዝነኛ ስም በር ድረስ ያደርሳል፤ አያስገባም።

አገር ቤት ያሉ አንባቢዎቻችሁ ይህን በሌላ በኩል ያውቁታል ብዬ አስባለሁ። በአማርኛ እየተተረኩ የሚቀርቡ የውጭ ፊልሞችን በስልኩ የሚከታተል ሰው ብዙ ነው። ተራኪው ፊልሙን ሲጀምር ማን ማን እንደሆነና ምን እንደሚፈልግ በሁለት በሦስት ዓረፍተ ነገር መናገር አለበት፤ ካልቻለ አድማጩ ወደ ሌላ ያልፋል። «አባቷን የወሰዱባት ልጅ አባቷ የደበቀውን ምስጢር ፍለጋ ወጣች» ብሎ «ሮግ ዋን»ን መጀመር ይቻላል። «ሶሎ»ን ግን «በሌላ ፊልም የምናውቀው ሰው ወጣት ሳለ» ከማለት ውጭ በምን ይጀምረዋል? አንድ ቅርንጫፍ ፊልም ለእንግዳ ተመልካች መድረሱን ለማወቅ ከዚህ የተሻለ መመዘኛ ያለ አይመስለኝም።

ወደሚመጣው ፊልም ልመለስ። በእኔ ግምት «ዘ ማንዳሎሪያን ኤንድ ግሮጉ» መነሻው የተመቻቸ ነው። ጆን ፋቭሮ በ2019 የጀመረው «ዘ ማንዳሎሪያን» የተባለው የቴሌቪዥን ተከታታይ ሲወጣ ለእንግዳ ሰው የተመቸ ነበር፤ ፊቱን በብረት ቁር የሸፈነ፣ በገንዘብ ሰው እያደነ የሚኖር ብቸኛ ወንድ፣ ይዞ እንዲያመጣው የተላከበትን ሕፃን ሲያገኝ መግደልም መተውም አቅቶት ያሳድገዋል። ይህን ለማንም እናት መንገር ይቻላል። ግሮጉ የሚባለውን፣ ትልልቅ ጆሮ ያለውን አረንጓዴ ሕፃን ምስልም ተከታታዩን አንድ ክፍል እንኳ ያላየ ሰው ያውቀዋል። ከ2019 ዲሴምበር ወዲህም በሲኒማ የወጣ የስታር ዋርስ ፊልም ስለሌለ፣ የ2018ቱ የመቸኮል ችግር አሁን የለም።

የምሰጋው ሌላ ነገር ነው። በሁለተኛው ምዕራፍ መጨረሻ ሰውዬው ቁሩን አውልቆ ሕፃኑን ለዋናዎቹ ፊልሞች ጀግና ለሉክ ስካይወከር አሳልፎ ሲሰጠው ብዙ ሰው አልቅሷል። በ2023 ሦስተኛው ምዕራፍ ሲጀምር ግን ሁለቱ አብረው ናቸው። መቼ ተገናኙ? በመካከሉ በወጣው «ዘ ቡክ ኦፍ ቦባ ፌት» በተባለው ሌላ ተከታታይ ውስጥ ነው። እሱን ያላየ፣ ዋናውን ግን በታማኝነት የተከታተለ ሰው የታሪኩን እምብርት አጣ። በቤቱ ሆኖ በየወሩ የሚከፍል ሰው እንዲህ ሲገጥመው ወደ ኋላ ተመልሶ የጎደለውን መፈለግ ይችላል። ለአራት ሰው ቲኬትና ፈንዲሻ ገዝቶ፣ ልጆቹን አስተኝቶ ሳይሆን ይዞ የወጣ ሰው ግን ያ ዕድል የለውም፤ ፊልሙን ማቆምም፣ ወደ ኋላ መመለስም አይችልም፤ ያለው ከፊቱ የሚታየው ብቻ ነው። ፊልሙ ሦስቱን ምዕራፎችና ያንን ሌላውን ተከታታይ አይታችኋል ብሎ ከተነሳ የጸሐፊያችሁ ትንበያ ይፈጸማል፤ አባትና ልጅ የሆኑትን ሁለቱን በአንድ ትዕይንት አስተዋውቆ፣ በዚህ ፊልም ምን ሊያጡ እንደሚችሉ አሳይቶ ከተነሳ ግን አይፈጸምም።

በዚህ ጉዳይ አጥብቄ የምከራከረው ለትልቅ ኩባንያ ገቢ አዝኜ አይደለም። እንደ እህቴ ያለ ሰው፣ ሳምንቱን ሙሉ በሌሊት ሲሠራ ከርሞ አንድ ምሽት ያገኘ ሰው፣ «ይህ ለእኔ አይደለም፣ ለሚያውቁት ነው» ተብሎ አስቀድሞ እንዲገለል ስለማልፈልግ ነው። ጋዜጣችሁ «ወዳጁ ላልሆናችሁ አይመከርም» ብሎ ፊልሙ ሳይወጣ ሲጽፍ፣ በመጨረሻ ሄዳ የምታለቅስለትን ፊልም ከእሷ ላይ ይወስዳል። በ2016 እኔም እንደዚያ ብዬ ብቻዬን ልገባ አስቤ ነበር፤ መኪናዋ ተበላሽታ እኔ ልወስዳት ስለመጣሁ ብቻ ነው አብረን የገባነው።

ስለዚህ ለዝግጅት ክፍሉ አንድ ጥያቄ አለኝ። ፊልሙ ሲወጣ ግምገማውን ተከታታዩን ሙሉ ካየ ጸሐፊ ጋር፣ አንዱንም ክፍል ያላየ ሌላ ባልደረባ አብሮ ገብቶ ሁለቱም እንዲጽፉ አድርጉልን፤ ያላየው ሰው ፊልሙን ሳያቆም ስንት ጊዜ ወደ ጓደኛው ዘንበል ብሎ እንደጠየቀም ይቁጠርልን። እህቴ ለዚያ ቅዳሜ ፈረቃዋን ከባልደረባዋ ጋር ልትቀያየር ቃል ገብታልኛለች። እሷም የጠየቀችኝን ቆጥሬ እልክላችኋለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንባቢያችሁ
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ